ስለ ሴሹ ሃያካዋ ጠይቁኝ

ድምፅ አልባ ፊልም ሲነሳ ሁሉም ቻፕሊንን ነው የሚጠራው። በዚያው ዘመን ግን ሆሊውድ ውስጥ ስሙ የገነነ ጃፓናዊ ነበር፤ ሴሹ ሃያካዋ። እስቲ ጠይቁ፣ የማውቀውን እመልሳለሁ። ዓመቶቹ በፈረንጆች ናቸው።

ጥያቄ፦ በምን ታወቀ?
መልስ፦ በ1915 በወጣው የዳይሬክተር ሴሲል ዴሚል ፊልም «ዘ ቺት»። ለአንዲት ባለትዳር ገንዘብ ይሰጥና በምትኩ እሷን ይፈልጋል፤ እምቢ ስትለው ትከሻዋን በጋለ ብረት ይተኩሳታል። ክፉ ሰው ነው። ሴት ተመልካቾች ግን አበዱለት!

ጥያቄ፦ ትወናው ምኑ ይለያል?
መልስ፦ እርጋታው። ብዙዎቹ እጃቸውን እያወናጨፉ ሲተውኑ እሱ ዝም ብሎ ቆሞ በዓይኑ ይናገራል። ፓሪስ ውስጥ ደራሲዋ ኮሌት ሳትቀር አድንቃ ጽፋለታለች።

ጥያቄ፦ ጃፓኖችስ ኮሩበት?
መልስ፦ በዚህ ፊልም እንኳ የለም፣ አሜሪካ ያሉት ጃፓኖች ተቆጥተው ነበር። በ1918 ፊልሙ እንደገና ሲወጣ ገጸ ባሕርይውን በርማዊ አደረጉት። ድምፅ ስለሌለው በየመሃሉ የሚገባውን ጽሑፍ መቀየር ብቻ በቃ።

ጥያቄ፦ ይህን ያህል ከተወደደ ለምን ከነጭ ሴት ጋር ፍቅሩ የሚሰምርለት ሰው ሆኖ አልሠራም?
መልስ፦ እኔን የሚያናድደኝም ይሄ ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ነጭና እስያዊ እንዳይጋቡ የሚከለክለው ሕግ እስከ 1948 ድረስ ነበር፣ ስቱዲዮዎቹም ይህን እያሰቡ ነው ታሪክ የሚጽፉት፣ ስለዚህ እሱ ነጭ ሴት ካፈቀረ ወይ ለሌላ ይተዋታል ወይ ይሞታል። መሮት መሰለኝ በ1918 ሃዎርዝ የሚባል የራሱን ኩባንያ አቋቋመ። በ1919 «ዘ ድራጎን ፔይንተር»ን ከሚስቱ ከተዋናይዋ ጹሩ አኦኪ ጋር ሠራ። እዚያ ላይ አፍቅሮ ያገባል፣ በቃ እንደ ማንኛውም ሰው።

ጥያቄ፦ ድምፅ ሲመጣ ነው የጠፋው?
መልስ፦ ቀደም ብሎ ነው። ጃፓን ጠል ስሜት ሲበረታ በ1922 ሆሊውድን ለቀቀ። አውሮፓም ጃፓንም ሠራ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ፈረንሳይ ውስጥ ሥዕል እየሸጠ ነበር የሚኖረው። በ1957 በወጣው «ዘ ብሪጅ ኦን ዘ ሪቨር ክዋይ» ላይ ደግሞ የጃፓኑን የምርኮኞች ካምፕ አዛዥ ኮሎኔል ሳይቶን ሆኖ ለኦስካር ታጨ። በ1973 ቶኪዮ ውስጥ አረፈ።

ጥያቄ፦ ከየትኛው ልጀምር?
መልስ፦ ከ«ዘ ድራጎን ፔይንተር»። አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ካሊፎርኒያ ባሉት የዮሰሚቲ ተራሮች ላይ የተቀረጸውን ክፍል ቸኩለህ አትለፈው።