የልጅነት መጫወቻን እንደ ሰው ፎቶ ለማንሳት

ሰላም እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። እናቴ ቤት ቁምሳጥን ላይ የጨርቅ አሻንጉሊቴንና የወንድሜን የሽቦ መኪና አገኘሁ፣ ፎቶ ቤት ገብቶ እንደሚነሳ ሰው አድርጌ ላነሳቸው ፈልጌ ነበር ግን ስቱዲዮም ፍላሽም የለኝም፣ ያለኝ ካሜራ ከ50 ሚሊሜትር ሌንስ ጋር ነው ብለሻል። እኔ የራሴንም የዘመድንም መጫወቻ ሳነሳ ዓመታት ስለሆነኝ የደረስኩበትን ልንገርሽ።

ከሁሉም በፊት እንዳታጥቢያቸው! እኔ መጀመሪያ ያነሳኋት አያቴ ለእህቴ የሰፋችላትን አሻንጉሊት ነው፣ ለፎቶ ትጽዳ ብዬ በሳሙና አጠብኳት፣ ለካ አይኗና አፏ በእስክሪብቶ የተሳለ ነው፣ ታጥቦ ሄደ። እስከዛሬ ይቆጨኛል። አቧራውን በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ጠረግ ጠረግ አድርገሽ ተዪው፣ የተቀደደውንም አትስፊው። እህቴ አንገቷን አንቃ ነበር ይዛት የምትዞረው፣ እዛጋ ጨርቁ ሳስቶ ውስጡ የተጠቀጠቀው ብጣሽ ይታያል፣ እኔ እሱን ነው ማንሳት የምፈልገው።

አብዛኛው ሰው አሻንጉሊቷን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ራሱ ቆሞ ከላይ ወደታች ያነሳል፣ ያኔ ለሽያጭ የወጣ እቃ ነው የምትመስለው። ካሜራውን ከአይኗ እኩል አውርጂው። ፊቷንም ቀጥ አታድርጊው፣ የድሮ ፎቶ አንሺዎች አገጫችንን ይዘው ዞር እንደሚያደርጉን ትንሽ ዞር አድርጊያት። አይኗ ቁልፍ ከሆነ ደግሞ የመስኮቱ ብርሃን ቁልፉ ላይ ነጥብ ሆኖ እስኪታይሽ ድረስ እያዟዟርሽ ሞክሪ፣ እቺ ነጥብ ከገባች ነፍስ ትዘራለች በእውነት።

ላይት መስኮት ይበቃሻል፣ ግን ከጎን ይሁን። ፀሐይ በቀጥታ ከገባ ነጠላ ጋርጂበት። አንድ ነገር ግን እኔም ዘግይቼ ነው የገባኝ፣ መስኮት ለሰው ልክ ነው፣ ለ30 ሳንቲሜትር አሻንጉሊት ግን በጣም ትልቅ ስለሆነ ከየአቅጣጫው ያቅፋትና ጥላ ያጠፋል፣ የጨርቁ ስፌትና መጨማደድ አይታይም ፊቷ ዝርግ ይላል። ስለዚህ መስኮቱን በብርድ ልብስ ሸፍነሽ አንድ ሁለት ስንዝር የምታህል ክፍተት ብቻ ተዪ፣ በዛኛው ጎን ነጭ ካርቶን አቁሚ፣ ጥላው ከጠቆረብሽ ካርቶኑን አስጠጊው። የክፍሉን አምፖል አጥፊው፣ ቢጫው ከመስኮቱ ጋር ሲደባለቅ ከለሩ ይበላሻል። ባክግራውንድ ግራጫ ብርድ ልብስ አንድ ሜትር ያህል ከኋላዋ።

ሌንሱን ኤፍ 1.8 ላይ፣ ማለትም ቀዳዳው በጣም ሰፍቶ የሚከፈትበት ላይ እንዳታደርጊው፣ ቅርብ ሲሆን ፎከሱ ሚሊሜትር ነው የሚሆነው፣ አንዱ አይን ጥርት ሲል ሌላው ይጠፋል። ኤፍ 8 (ጠበብ ያለ ቀዳዳ)፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ንቃት) 100፣ ትራይፖድ፣ የ2 ሰከንድ ታይመር። ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበት ጊዜ ግማሽ ሰከንድ ቢሆንም ችግር የለውም አትንቀሳቀስም።

የሽቦ መኪናው ነው የሚከብደው። ሽቦው ቀጭን ስለሆነ ባክግራውንዱ ላይ ይጠፋል፣ በስልክ ከሆነ ፖርትሬት ሞድን ተዪው ሽቦውን ከጀርባው ጋር አብሮ ያደበዝዘዋል። እኔ ለሱ ነጠላውን ከመስኮቱ ላይ አወርደዋለሁ፣ ማለዳ ወይ አመሻሽ ላይ ፀሐይዋ ዝቅ ስትል በጎን እንድትመታው አድርጌ ጥላው ወለሉ ላይ ረዝሞ እንዲወድቅ፣ ያኔ እያንዳንዷ ጠመዝማዛ መሬቱ ላይ ተስላ ታያታለሽ። ጎማው ቆርኪም ይሁን ከስሊፐር የተቆረጠ ጠጋ ብለሽ ለብቻው አንሺው፣ የምላጩ ምልክት እንኳን አለበት። ረጅሙን መሪ ፍሬም ውስጥ ለማስገባት ብለሽ እንዳታጥፊው፣ ወደላይ ይውጣ። ወንድምሽ አጠገብሽ ካለ ደግሞ መሪውን አስይዢውና እጁ ብቻ ይግባ።