የታንኩ ዝገት ነገር፤ ለጠየቀኝ ልጅና ለጓደኞቹ

ባለፈው ቅዳሜ የእህቴ ልጅ ጓደኛ ደወለልኝ። ሃያ ምናምን አመቱ ነው፣ ጨዋ ልጅ ነው፣ ሞዴል ታንክ (ከፕላስቲክ የሚገጣጠም ትንሽ ታንክ) መስራት ከጀመረ ሁለት አመት ቢሆነው ነው፣ የሰራውን ሁሉ ፎቶ አንስቶ ይልክልኛል። "ጋሼ፣ ቲ 55 ጀምሬያለሁ፣ ዝገቱን በምንድነው የምሰራው? የትኛውን ብራንድ ልግዛ?" አለኝ። "ቆይ መልሼ ልደውልልህ" ብዬ ዘጋሁት። እስካሁን አልደወልኩለትም።

ጥያቄው ከብዶኝ እንዳይመስላችሁ፣ የዝገት ቀለም እኮ ማንም ይነግረዋል። ቲ 55 ሲለኝ ግን (የሶቪየት ታንክ ናት) ቤዝመንት መደርደሪያዬ ላይ ከ2011 ጀምሮ (በፈረንጅ ነው) የተቀመጠች አንዲት ታንክ ትዝ አለችኝ። የኔ አይደለችም። የሰው ናት፣ "ላስተካክላት" ብዬ ከሰው ቤት ወስጃት በዛው የቀረች። ስለዚ ለሱ በስልክ ከምነግረው ልጻፈውና ሌሎቻችሁም አንብቡት።

እንዴት እንደሚለጠፍ፣ ስፌቱ እንዴት በብርጭቆ ወረቀት እንደሚሞረድ፣ ፕራይመር ያስፈልጋል አያስፈልግም፣ እሱን አልነግራችሁም። ያንን ያላወቀ ሰው ዝገት ጋ ምን አስቸኮለው። ማስክ አድርጉ ብቻ። እኔ አርባ አመት መኪና ቀለም ነፍቻለሁ፣ ጠዋት ጠዋት ሳልነሳ ባለቤቴ "ነቃህ እንዴ" ብላ አትጠይቀኝም፣ በሳሌ ነው የምታውቀው።

በ1972 ነው አስራ አምስት አመቴ እያለ አዲስ አበባ ሱማሌ ተራ አካባቢ ጋራዥ የገባሁት። የመጀመሪያ አመት ቀለም የሚባል ነገር በእጄ አልነካሁም፣ ላሜራ ላይ የተለጠፈ ስቱኮ መሞረድ ብቻ። አለቃችን ሞርደን ስንጨርስ አይናችንን አስጨፍኖ በአውራ ጣት ያስዳብሰን ነበር። ጎርበጥ ካለን እንደገና፣ እንደገና፣ እንደገና። አንዴ የአንድ ላዳ በር ስድስት ጊዜ ያስሞረደኝ ቀን አልቅሻለሁ፣ ምሳዬንም አልበላሁም። አሁን ያሉ ልጆች ይሄን ብነግራቸው "ለምን በማሽን አትሉትም ነበር" ይሉኛል። ለማንኛውም የኔ ሙያ ያረጀውን መኪና ያላረጀ ማስመሰል ነበር፤ ሞዴል ላይ ደግሞ ዛሬ ከካርቶን የወጣውን ፕላስቲክ አርባ አመት ማስረጀት ሆነብኝ። ልጄ ለልደቱ የተሰጠውን ሸርማን (የአሜሪካ ታንክ ሞዴል) ሁለት ጎማ ለጥፎ ሲተወው እኔ ጨረስኩለት፣ በዛው ተለከፍኩ።

ሃምሳ አለቃ የሚባሉ ሰው ነበሩ፣ እዚህ አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ አንድ አፓርታማ ውስጥ ነበርን። ስማቸውን ማንም አይጠራም፣ ሃምሳ አለቃ ነው የሚባሉት። ፓርኪንግ ይሰራሉ፣ ከኔ ወደ አስር አመት ይበልጣሉ። በ1970 በኦጋዴኑ ጦርነት ጊዜ ሶቪየት ካመጣቻቸው ታንኮች አንዱን ይነዱ ነበር። ብዙ አያወሩም፣ የካቲት 26 የካራማራ ድል ሲታሰብ እንኳ ሌላው ሰው ሲፎክር እሳቸው ቡናቸውን ይጠጣሉ። አንድ ቀን ቤቴ መጥተው ሸርማኑን አዩና በጣም ቀስ ብለው "የኔን ብትሰራልኝስ?" አሉኝ። የኔን ነው ያሉት። ቲ 55ን አላሉም።

ደስ አለኝ። የታሚያን (የጃፓን ሞዴል ሰሪ ነው) 1/35፣ ማለት ከእውነተኛው ሰላሳ አምስት ጊዜ የምታንሰውን፣ ገዛሁ፣ ሶስት ወር ሰራሁት። አሁን ስህተቴን ስሙ። ሰውየው ሁለት ፎቅ ከኔ በላይ ነው የሚኖሩት፣ ሊፍት ተጭኜ መጠየቅ ስችል እኔ ኢንተርኔት ገብቼ ፎቶ ፍለጋ ጀመርኩ። "የኢትዮጵያ ታንክ" ስትሉ ምን እንደሚመጣላችሁ ታውቃላችሁ፣ አስመራ ዳር ያለው የታንክ መቃብር ነው የሚመጣው፣ እርስ በርሱ የተከመረ፣ መሀሉ ቁልቋል የበቀለበት፣ ከላይ እስከ ታች ቡኒ የሆነ። ሲያምር! ለአይን ያምራል እኮ ዝገት። ያንን ፎቶ አትሜ ጠረጴዛዬ ላይ ለጠፍኩና የማውቀውን ዘዴ ሁሉ አወረድኩበት። መጀመሪያ የዝገት ቀለም ነፋሁ፣ በላዩ የፀጉር ስፕሬይ፣ በላዩ አረንጓዴ አክሪሊክ፣ ከዛ በውሃ አርሼ በብሩሽ መፋቅ። (ስፕሬዩ በውሃ ስለሚሟሟ የላዩ ቀለም ይላጣል፣ ጥሩ ዘዴ ነው፣ ዘዴው አላጠፋም።) ፓራፋንጎው ተላጠ፣ ቱሬቱ (መድፉ ያለበት የሚዞረው ማማ) ተላጠ፣ ከየብሎኑ ስር የዝገት እንባ አወረድኩ፣ በመጨረሻ ሙሉውን በቀይ አፈር ፒግመንት (የቀለም ዱቄት) አለበስኩት። እዚህ አካባቢ ያለ የሞዴል ክበብ ውድድር ላይ ሶስተኛ ወጣ፣ ሪባን ተሰጠኝ። ታንኩንም ሪባኑንም ይዤ ሃምሳ አለቃ ቤት ሄድኩ።

መነጽራቸውን አደረጉ። ጎማ ቆጠሩ፣ አምስት። አንደኛውና ሁለተኛው ጎማ መሀል ያለችውን ሰፋ ያለች ክፍተት በጣታቸው ለኩና ሳቁ፣ "እሱ ነው" አሉ። የሾፌሩን ክዳን በግራ በኩል አዩት፣ ጣታቸውን ትንሽ እዛ ላይ አቆዩት። ከዛ ፓራፋንጎው ጋ ሲደርሱ "ይሄ ምንድነው?" አሉኝ።

"ዝገት ነው።"

"የምን ዝገት?"

"ያው... ሪያሊስቲክ እንዲሆን ነው ሃምሳ አለቃ።"

ታንኩን ለነዳው ሰው ሪያሊስቲክ ምን እንደሆነ ሳስረዳ ይታያችሁ። እሳቸውም ዝም ብለው አዩኝና "ይሄን ሻለቃው ቢያይ እኮ እኔን ነው የሚያስረኝ" አሉ። ሳቅን። አመሰገኑኝ፣ ባለቤታቸው ቡና አፈሉ፣ ቲቪው አጠገብ አስቀመጧት። እኔም ቀልድ መስሎኝ ሄድኩ።

በአመቱ ለፋሲካ ተጠርቼ ሄድኩ። ቤቱ ሰው ሞልቷል። ቲቪው ጋ ስመለከት ታንኪቱ አረንጓዴ ሆናለች። አቧራው የለም፣ ፒግመንቱ የለም፣ ከየብሎኑ ያወረድኩት የዝገት እንባ ግማሹ የለም። እርጥብ ጨርቅና ሳሙና ይዘው አጥበዋታል! አንዴም አይደለም፣ ባለቤታቸው እንደነገሩኝ ቅዳሜ ቅዳሜ ነው የሚወለውሏት። ሶስት ወር የሰራሁት! ደሜ ፈላ። እንግዳው ሁሉ እያየ "ምን አደረጓት ሃምሳ አለቃ፣ አበላሿት እኮ!" አልኩ። ድምፄም ከፍ ብሎ ነበር። ቤቱ ጸጥ አለ። እሳቸው የጠላ ብርጭቋቸውን አስቀመጡና እንደ ልጅ፣ እንደ ጥፋተኛ፣

"ቆሽሾ ነበር እኮ" አሉኝ።

እኔ ደግሞ ይባስ ብዬ "ላስተካክላት" ብዬ በፌስታል ይዣት ወጣሁ። አሁን ስጽፈው እንኳ ፊቴ ይግላል።

ቤት ገብቼ መብራት ስር አስቀመጥኳት፣ ከየት ልጀምር እያልኩ ሳገላብጣት ቆም አልኩ። ጨርቁ የደረሰበት ቦታ ቀለሙ ሳስቷል፣ የፓራፋንጎው ጠርዝ፣ የክዳኑ ከንፈር፣ የብሎኖቹ አናት፣ በግራ በኩል ፊት ለፊት ሾፌር የሚወጣበት ቦታ። አንዳንዱ ጋ ፕላስቲኩ ሊታይ ምንም አልቀረው፣ የእጃቸው ቅባት ነክቶት እንደ ብረት ያብለጨልጫል። ጨርቁ ያልደረሰበት ጉድጓድ፣ የጎማው መሀል፣ የሰንሰለቱ ስር፣ እዛ አፈሩ እንዳለ ተኝቷል። በአርባ አመት የቀለም ስራዬ እንደዛ የሚያምር ያገለገለ ቀለም ሰርቼ አላውቅም። እኔ የሰራሁት የሞተ ታንክ ነበር፣ ባለቤት የሌለው። የሳቸው ግን ሾፌር ነበራት፣ በየቀኑ የሚወለውላት፣ የአየር ማጣሪያዋን አውጥቶ በናፍጣ የሚያጥብ። ይሄን ማጣሪያ አጠባ በኋላ ነው የሰማሁት፣ እሱንም ከሌላ ሰው።

ያን ሳምንት ወደ ላይ ወጥቼ ይቅርታ መጠየቅ ነበረብኝ። አልወጣሁም። በሚቀጥለው ሳምንት አልኩ። ሊፍት ውስጥ ስንገናኝ "እንዴት ነች፣ ደረሰች?" ይሉኛል፣ "ትንሽ ቀርቷታል" እላለሁ። ምንም የቀራት ነገር አልነበረም፣ አንድ ብሩሽ አላሳረፍኩባትም። በ2013 (ይሄም በፈረንጅ ነው) ልጃቸው ዳላስ ወሰደቻቸው፣ እቃ ሲጭኑ ስራ ላይ ነበርኩ ብዬ አልሸኘኋቸውም። ስራ ላይ አልነበርኩም።

እንግዲህ የልጁ ጥያቄ ይሄን ነው የቀሰቀሰብኝ። ወደ ዝገቱ ልመለስ።

የዛሬ ልጆች የምትገርሙኝ ነገር "በምን ልስራው" ትላላችሁ እንጂ "ታንኩ ምን ሲሰራ ነበር" አትሉም። አስራ ሁለት ጠርሙስ ትገዛላችሁ፣ ቪዲዮውን በሁለት እጥፍ ፍጥነት ታዩታላችሁ፣ ከዛ የሁላችሁም ታንክ አንድ አይነት ይሆናል። እኔ ምን አገባኝ፣ እኔም ያኔ ያደረግኩት እሱኑ ነው፣ ፍጥነቱ ብቻ ነው የሚለየው።

አገልግሎት ላይ ያለ ቲ 55 ላይ ዝገት ብትፈልግ ማርሚታው ጋ ነው፣ በግራ ፓራፋንጎ ወደ ኋላ። ሙቀቱ ቀለሙን ያቃጥለዋል፣ ዝገቱም እዛ እውነት ነው፣ ከአጠገቡ ጥላሸት አለ፣ የናፍጣ ጭስ የቀባው። ሰንሰለቱ ደግሞ አዳር ከቆመ ስስ ብርቱካናማ ነገር ያወጣል፣ መቶ ሜትር ሲሄድ ይራገፋል። መሬት የሚነካው ጥርሱ፣ በጎማዎቹ መሀል የሚሄደው ቀንዱ፣ ያበራል፤ የቀረው አፈር ነው። ሰንሰለት ሙሉውን ቡኒ የምትቀቡ ሰዎች እባካችሁ። ጎማው መሀል ግራሶ ይወጣል፣ ግራሶው አቧራ ይይዛል፣ ስለዚ እዛ አቧራው ጥቁር ነው። ናፍጣ የሚሞላበት አፍ ዙሪያም እንደዛው።

ልኬት አትርሱ። 1/35 ማለት ብሩሽህ ያሳረፈው አንድ ሚሊ ሜትር ነጥብ እውነተኛው ታንክ ላይ ሶስት ሴንቲ ተኩል ነው። ፓራፋንጎ ላይ ሶስት ሚሊ ሜትር ላጥ ካደረግክ ከአስር ሴንቲ በላይ ቀለም ነቅለሃል፣ ማን ነው በምን የመታው? የኔው ሶስተኛ የወጣው ታንክ ላይ በኋላ ለክቼ አፍሬያለሁ።

የተዘጋጀ ዋሽ (በየጥጉ የሚፈስ ቀጭን ቀለም) አትግዙ። የአርቲስት ዘይት ቀለም፣ በርንት አምበር (ጠቆር ያለ ቡኒ)፣ ካርቶን ላይ ጨምቀህ ሁለት ሶስት ሰአት ተወው፣ ካርቶኑ ዘይቱን ይመጥልሃል፣ ሲደርቅ እንዳያብለጨልጭ። ከዛ ሽታ በሌለው አኳራጅ አቅጥነህ መጀመሪያ አክሪሊኩ ላይ አንጸባራቂ ቫርኒሽ ነፍተህ ብሎኑ ስር በጫፍ ብሩሽ ንካው፣ ራሱ ይሮጣል። ቫርኒሹን ከዘለልከው ይሰራጭና ጨርቅ ላይ እንደፈሰሰ ቡና ይሆንብሃል። አክሪሊክ ላይ አኳራጅ አይበላም፣ ቲነር ግን ይበላል፣ በጋራዥ ልምድ ቲነር ይዤ አንድ ሙሉ ቱሬት አቅልጫለሁ። (እኔ አሁን የተዘጋጀውን ነው የምጠቀመው፣ አይኔ ደክሟል፣ እናንተ ግን ወጣት ናችሁ።)

የሌላ ሰው ሞዴል ብዙ አትዩ። ውድድር ግን ሂዱ። አቃለሁ፣ ተጋጨ። ውድድር ስትሄዱ ጠረጴዛው ዙሪያ የሚቆሙትን ሽማግሌዎች አናግሩ ነው የምላችሁ፣ ከነሱ መሀል የነዳ አይጠፋም። እኔ አንዱን ከራሴ ሊፍት ውስጥ አጣሁት።

አንተ ልጅ ደግሞ፣ ብራንዱን ስትጠይቀኝ አያትህ የጦር ሰራዊት ነበሩ ብለህ ነግረኸኝ ነበር አይደል ባለፈው? የምን ክፍል እንደነበሩ ጠይቀሃቸዋል? ሹፌርም ይሁኑ ስንቅና ትጥቅ፣ ታንክ ሲያልፍ ያዩ ሰው ናቸው። አፈሩ ምን አይነት እንደነበር ጠይቃቸው፣ ቀለም ኋላ ትገዛለህ።

የዳላሱን ስልክ ከጎረቤት ትናንት አገኘሁ። ልጃቸው ናት ያነሳችው፣ ደህና ናቸው አለች፣ ተኝተው ነበር። አድራሻ ሰጠችኝ። ሳጥን ገዝቻለሁ፣ መድፉ ሰባት ስምንት ሴንቲ ከፊት ስለሚወጣ በፖስታ ይሰበራል ብዬ ቱሬቱን ከነመድፉ ለብቻ ልጠቅልለው እያልኩ ነው፣ እንደዚህ ልካችሁ የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ፣ በስፖንጅ ነው በጥጥ የሚሻለው?

ትናንት ማታ ከመደርደሪያው ሳወርዳት አቧራ ጠጥታለች፣ የእውነት አቧራ፣ የቤዝመንት። ጨርቅ አነሳሁና መልሼ አስቀመጥኩት። ይወልውሏት።