ሸክሙን ለዳሌ ስጡት

የመንገድ ዕቃ ዓምድ፦ ጥያቄና መልስ

ክረምቱ ሊወጣ ሲል የጥገና ሱቄ በር ላይ ቦርሳ ይከመራል። የደብዳቤው ነገርም እንደዚያው ነው። በዚህ ወር የደረሱኝ ጥያቄዎች ሁሉም ማለት ይቻላል ስለ ትልቁ የጀርባ ቦርሳ ናቸው። ድንኳንና ቦርሳ እየጠገንኩ ስለምኖር መልሱን ከመርፌዬ ጎን ሆኜ እነግራችኋለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ መርካቶ ሳልቫጅ ከሚሸጡት ዘንድ 75 ሊትር ቦርሳ ገዛሁ። ቁመቴ 1.82 ስለሆነ ትልቁን መረጥኩ። ከጓደኞቼ ጋር ባሌ ለአምስት ቀን ልንሄድ ነው። ለልምምድ እንጦጦ ይዤው ስወጣ ትከሻዬ ሊገነጠል ደረሰ። ማንገቻውን ሳጠብቀው ይብሳል፤ ሳላላው ወደ ኋላ ይጎትተኛል። ችግሩ ከቦርሳው ነው ከእኔ? (ኪ.፣ ከሰሚት)

መልስ፦ ስለ ማንገቻው ነገርከኝ። ስለ ወገብ ቀበቶው ግን አንድም ቃል አልጻፍክም። ስለዚህ ሳትቆልፈው፣ ወይም ሆድህ ላይ እንደነገሩ ቆልፈኸው ወጥተሃል ማለት ነው።

ትልቅ ቦርሳ የሚሸከመው ዳሌ ነው። የትከሻ ሥራ ቦርሳው ወደ ኋላ እንዳይጋደል መያዝ ብቻ ነው። ዛሬ ማታ ቤትህ ሞክረው። ባዶውን አይደለም፤ ሩዝ፣ ዱቄት፣ ውሃ፣ ያገኘኸውን አሥር ኪሎ ያህል ክተትበት። ማሰሪያዎቹን በሙሉ አላላና አንግበው። አሁን የዳሌህን አጥንት አናት በጣትህ ፈልግ። የዛሬ ልጆች ሱሪ ከምትታጠቁበት ከፍ ይላል። የቀበቶው ስፖንጅ ግማሹ ከአጥንቱ በላይ፣ ግማሹ በታች ይሁንና ቆልፈህ ጥብቅ አድርገው። ማንገቻውን የምትስበው ከዚያ በኋላ ነው፤ እሱም ትከሻህን አቅፎ እስኪቀመጥ ብቻ። ቀጥሎ ከትከሻህ በላይ ወደ ቦርሳው አናት የሚሄዱትን ትንንሽ ማሰሪያዎች ትንሽ ሳብ አድርጋቸው፤ 45 ዲግሪ ያህል ያዘነበሉ ይሁኑ። የደረቱን ማሰሪያ መጨረሻ ላይ ቆልፍ። ትንፋሽ ካሳጠረህ አላላው። የባሌው ሳነቴ አምባ 4,000 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ነው፤ እዚያ ትንፋሽ የሚተርፈው ሰው የለም።

ጣትህን ከማንገቻው ስር፣ ትከሻህ አናት ላይ አስገባ። ሳይታገል ከገባ ሸክሙ ዳሌህ ላይ ወርዷል።

አሁን ወደ ቁመትህ። ቦርሳ የሚለካው በጀርባ ርዝመት ነው። ረጅም ሰው ሁሉ ረጅም ጀርባ የለውም፤ አንዳንዱ ቁመቱ እግሩ ላይ ነው። አንገትህን ወደ ፊት ስበር፤ ማጅራትህ ስር ጎልታ የምትወጣ አጥንት አለች። ሁለት እጅህን ዳሌህ አናት ላይ አድርግና አውራ ጣቶችህን ወደ ኋላ አዙር። ከአጥንቷ ተነስቶ አውራ ጣቶችህ እስከሚገናኙበት መስመር ያለውን ርቀት ሰው በልብስ ሰፊ ሜትር ይለካልህ። ሜትሩ የጀርባህን ጉብጠት ተከትሎ ይውረድ። 46 ሴንቲ ሜትር ከሆንክ 1.82 ብትሆንም የምትለብሰው መካከለኛውን ነው። ደግነቱ ብዙ ቦርሳዎች ከጀርባው ስፖንጅ ስር ማንገቻውን ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ቬልክሮ አላቸው። ሳልቫጅ ሲገዛ መመሪያ አብሮ ስለማይመጣ ሰው አያየውም። እጅህን ሰድደህ ፈልገው።

ክብደቱን በተመለከተ፣ የሰውነትህን አንድ አምስተኛ ባታልፍ ጥሩ ነው። 70 ኪሎ ከሆንክ 14 ኪሎ፤ የቦርሳው የራሱ ክብደትና ውሃው ተቆጥሮ። ይህን የሚያህል ቦርሳ ባዶውን ከ2 ኪሎ በላይ ሊመዝን ይችላል፣ 3 ሊትር ውሃ 3 ኪሎ ነው። የቀረህን አስላው። የ75 ሊትር ቦርሳ ክፋቱ ይሄ ነው፤ ባዶ ቦታ ሲያይ ሰው ዝም ብሎ አያልፍም።

ስሊፒንግ ባግ ታች ይግባ። ከባዱ ዕቃ መሃል ላይ ጀርባህን ተደግፎ፣ ቀላሉ ወደ ውጪ። በአንቀልባ የታዘለ ሕፃን ከእናቱ ጀርባ ሲለጠፍ ይቀላል፤ ወደ ኋላ ሲለጠጥ ነው የሚከብዳት። ከቦርሳ ውጪ የሚንጠለጠል ነገር አልወድም። ጀበና አንጠልጥሎ የመጣ ሰው አይቻለሁ። (ጀበና መያዙን አልነቅፍም። ማንጠልጠሉን ነው።)

ባሌ ፈረስ ከተከራያችሁ ደግሞ ቦርሳውን እንዳለ አታስጭነው። የጭነት ገመድ ለፕላስቲክ መቆለፊያ አያዝንም። ቀበቶውንና ማንገቻውን ወደ ውስጥ አጥፈህ፣ ማዳበሪያ ውስጥ ከትተህ አፉን እሰረው። ውሃ፣ ጃኬትና ምሳ በትንሽ ቦርሳ አንተው ጋ ይቅር።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የባለቤቴን 65 ሊትር ቦርሳ እየተዋስኩ ነው የምሄደው። እኔ 1.57 ነኝ። ቀበቶውን እስከ መጨረሻው ስቤውም ይንሸራተታል፤ ማንገቻው ከትከሻዬ ጀርባ ክፍተት ይፈጥራል። በጥቅምት ሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ሦስት ቀን ልንሄድ ነው። በስፌት ይስተካከላል? (ሜ.፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ አይስተካከልም፣ እህቴ። ቀበቶው መሳቢያው አልቆ ካልያዘሽ የአንቺ ልክ አይደለም፤ ክፍተቱም የሚለው ጀርባው ረዝሞብሻል ነው። ጠጋኝ ሆኜ ሥራ መመለሴ ነው፣ ግን ለባለቤትሽ መልሺለት።

የሴት ተብለው የሚሠሩት ጀርባቸው አጠር፣ ማንገቻቸው ጠበብና ጎበጥ፣ ቀበቶአቸውም ለዳሌ ቅርጽ ዘንበል ያለ ነው። ለሦስት ቀን 50 ሊትር ይበቃሻል። እናንተ አገር ትልልቆቹ የስፖርት መደብሮች ጀርባ ይለካሉ፣ ክብደት ያለው ከረጢትም ቦርሳው ውስጥ ከትተው ያስሞክራሉ። አትፈሪ፣ ሃያ ደቂቃ ያህል እዚያው ተንጎራደጂ። ደረጃ ካላቸው ውጪና ውረጂ። ዳሌሽ ላይ የሚያቃጥል ነጥብ ካለ መንገድ ላይ ይቆስላል።

አንድ ነገር እንዳትረሺ። ሸናንዶዋ ድብ ስላለ ማደሪያ ላይ ምግብ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ወይ ከፍ ተደርጎ ይሰቀላል፣ ወይ ድብ በማይከፍተው ጠንካራ የምግብ ማስቀመጫ ይያዛል። ማስቀመጫውን ከመረጥሽ መደብሩ ውስጥ ቦርሳው ውስጥ አስገብተሽ ሞክሪው። አንዳንዱ ቦርሳ ላይ በአግድም አይገባም፤ ከገባም ጀርባሽን እንዳይወጋሽ እዪ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ ከዓመታት በፊት አንድ የውጭ ተጓዥ የሰጠኝ ትልቅ ቦርሳ ቁምሳጥን አናት ላይ ተቀምጦ ነበር። ልጄ ልትወስደው ስናወርደው ውስጡ ይጣበቃል፣ ነጭ ቅርፊት ይረግፋል፣ ሽታው አያድርስ ነው። ውጪው ግን አዲስ ይመስላል። ታጥቦ ይድናል? (ጡረተኛ መምህር፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ ይድናል፤ ውሃ የመከላከል ጠባዩ ግን አይመለስም። የሚረግፈው ናይለኑ ሳይሆን ከውስጥ የተቀባው ፖሊዩረቴን የሚባል ሽፋን ነው። በአየሩ እርጥበት ቀስ እያለ ይፈርሳል፤ ሙቀት ያፋጥነዋል። ሳይደርቅ የተቀመጠ ቦርሳማ ወዲያው ነው። ስለዚህ የእርስዎ ቦርሳ መንገድ ሳያይ በማስቀመጥ ብቻ አረጀ። እኔ ጋ እንደዚህ ሆነው የሚመጡት ብዙዎቹ የተዘነጉ ናቸው።

ገልብጡት። ለብ ባለ ውሃ ቤኪንግ ሶዳ በጥብጣችሁ በለስላሳ ብሩሽ ፈትጉት፤ ሽፋኑ እየተላጠ ይወጣል፣ ሽታውም አብሮ ይሄዳል። ማሽን ውስጥ እንዳይገባ። ጥላ ላይ፣ ኪሶቹ ሁሉ ተከፍተው ይድረቅ። ፀሐይ ናይለን ይበላል።

ከደረቀ በኋላ ለልጅዎ ከመስጠትዎ በፊት አንድ ቦታ እንዲያዩልኝ እፈልጋለሁ። ማንገቻው ከቦርሳው ጋር የተሰፋበትን ነው። በአንድ እጅ ማንገቻውን፣ በሌላው የቦርሳውን ጨርቅ ይዘው ወደ መብራት አዙረው ሳብ ያድርጉ። በደህና ቦርሳ ላይ እዚያ ጋ ክሩ ጥቅጥቅ ብሎ የተመላለሰ አጭር መስመር አለ። የመርፌው ቀዳዳዎች ተለጥጠው ብርሃን ካሳዩ፣ ጨርቁ መተርተር ጀምሯል። ክር ብቻ መጨመር አይበቃም፤ ከውስጥ ጠንካራ ጨርቅ ተደርቦ ነው የሚሰፋው። ልብስ ሰፊ ጋ ከምትወስዱት ጫማ ሰፊ ይሻላል፤ መርፌው ጠንካራ ነው፣ የናይለን ክርም አያጣም። በጥጥ ክር የተሰፋ ማንገቻ ላብና ዝናብ ሲፈራረቅበት ይበሰብሳል።

ዚፑ ተዘግቶ ከኋላው እየተከፈተ ካስቸገረ፣ ብዙ ጊዜ ያረጀው ጥርሱ ሳይሆን የሚሳበው ብረት ነው። የኋላ ጫፉን ግራና ቀኙን በፒንሳ በስሱ ጫን ያድርጉት። የተሰበረ መቆለፊያ ቀላል ነው፤ የማሰሪያውን ስፋት በሚሊ ሜትር ለክተው ቦርሳ ሰፊዎች ጋ ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ለቦርሳው የዝናብ ልባስ መግዛት ግድ ነው? (ተ.፣ ደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ግድ አይደለም። በጀርባ በኩል ክፍት ስለሆነ ውሃው በማንገቻው ስር ይገባል፤ የእናንተ አገር ነፋስ ደግሞ ይገፈዋል። ወፍራም ትልቅ ፌስታል ቦርሳው ውስጥ ዘርጋና ዕቃህን እሱ ውስጥ ክተት፤ አፉን ሁለት ሦስቴ ጠምዝዘህ እጠፈው። ሊቀደድ ስለሚችል አንድ ትርፍ ያዝ።