«4831» የሚል ሁሉ አንድ ባሩድ አይደለም

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የምኖረው ዴንቨር ነው። ለኤልክ (ትልቅ የአጋዘን ዓይነት) አደን ብዬ .300 ዊንቸስተር ማግነም ጠመንጃ ገዛሁ። እስካሁን በእጄ የሞላሁት የ.308 ጥይት ብቻ ነው። ቤት ቫርጌት የሚባል ባሩድ ግማሽ ጣሳ አለኝ። አንድ ጓደኛዬ ደግሞ አይ ኤም አር 4831 የሚል ባሩድ ሰጥቶኛል። የጥይት አሞላል መጽሐፌ ላይ ያለው ግን ኤች 4831 ነው። ያው ነው አይደል? ለ180 ግሬን (የአረርና የባሩድ ክብደት መለኪያ) አረር የቱን ልጠቀም?

መልስ፦ ያው አይደለም ወንድሜ። እንኳን ሳትሞላ ጠየቅከኝ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ብሩስ ሆጅደን የሚባል ሰው ለ20 ሚሊ ሜትር መድፍ ተሠርቶ የተረፈ ባሩድ በርካሽ ገዝቶ 4831 ብሎ ለአዳኞች ሸጠ። ኤች 4831 የዚያ ዘር ነው። አይ ኤም አር 4831 የመጣው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ነው። ቁጥሩን ይጋራል እንጂ ቃጠሎው ፈጠን ይላል። አሁን ሁለቱንም የሚሸጠው አንድ ኩባንያ ስለሆነ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ታገኛቸዋለህ። ለኤች የተጻፈውን ከፍተኛ ልክ በአይ ኤም አር ብትሞላ ግፊቱ ከገደብ ያልፋል። ስለዚህ ስሙን ከነፊደሉ አንብብ። ጓደኛህ የሰጠህ ጣሳ ደግሞ እሽጉ ተከፍቶ ከሆነ ተወው። ሰው የከፈተውን ባሩድ እኔ አልሞላም፤ የፈለገ ይቀየመኝ።

ቫርጌት ለ.308 ግሩም ነው። ለማግነም ግን ይፈጥናል። የ.308 ቀለህ ውሃ ብትሞላበት 56 ግሬን ገደማ ይይዛል፤ የ.300 ማግነም ወደ 90 ይጠጋል። አረሩ የሚወጣበት ቀዳዳ ግን ያው አንድ ስፋት ነው። ያን ሁሉ ጋዝ በዚያች ጠባብ መንገድ ቀስ እያለ የሚለቅ ባሩድ ያስፈልግሃል። ድፎ ሲጋገር አይተህ ከሆነ ይገባሃል፦ ጭራሮ ቦግ ካለበት ላዩ ያርራል፣ ውስጡ ሊጥ ይቀራል። ድፎ የሚፈልገው ኩበት ነው። ቫርጌት ማግነም ውስጥ ሲገባ ቀለህ ሳይሞላ ግፊቱ ጣሪያው ላይ ይደርሳል። ጣሪያው በካሬ ኢንች 64,000 ፓውንድ ነው። አረሩ ግን የማግነም ፍጥነት አያገኝም።

ከዝግተኞቹ ውስጥ ኤች 4831፣ ኤች 1000፣ አይ ኤም አር 7828 እና ሪሎደር 22 ለዚህ ጥይት የታወቁ ናቸው። እኔ ብሆን ለ180 ግሬን በኤች 4831 እጀምራለሁ፤ አረሩ 200 ግሬንና ከዚያ በላይ ሲሆን ወደ ኤች 1000 እሄዳለሁ። ኤች 4831 ስትገዛ «ኤስ ሲ» የሚል የተጻፈበትን ግዛ። ፍሬው አጭር ስለሆነ መስፈሪያው ውስጥ እየተቆረጠ አያስቸግርህም።

ሌላው ሙቀት ነው። አንድ ዓመት በጥር ብርድ ላይ ፈትኜ የወደድኩትን ጥይት በነሐሴ ፀሐይ መኪና ውስጥ ትቼው ቆየሁ። ሁለተኛውን ተኩሼ የመዝጊያውን እጀታ ላነሳ ብል እምቢ አለኝ። በመዳፌ ገጭ አድርጌ ነው የከፈትኩት። የቀለሁ ቂጥ ላይ የሚያብለጨልጭ ክብ ምልክት ታትሞበታል፤ ግፊቱ አልፏል ማለት ነው። ባሩዱ ሙቀት የማይወድ ዓይነት ነበር፤ ጥፋቱ ግን የኔ ነው፣ ጣሪያው ድረስ ሞልቼው ነበር። ኤች 4831ም ሆነ ኤች 1000 ሙቀት ቶሎ አይለውጣቸውም። ለኮሎራዶ የመረጥኩልህ አንዱም ለዚህ ነው።

አሞላሉን ታውቀዋለህ፤ ከመጽሐፉ ዝቅተኛ ልክ ተነስተህ በግማሽ ግሬን ውጣ። ከዝቅተኛው በታች ግን አትውረድ። ሰው «ቀንሼ ለስለስ ላድርገው» ይላል። ዝግተኛ ባሩድ ትልቅ ቀለህ ውስጥ ጎድሎ ሲተኮስ ጠመንጃ የፈነዳበት ጊዜ አለ። ፍጥነት መለኪያ ከሌለህ ተዋስ። ፍጥነቱ ከመጽሐፉ በለጠ ማለት ግፊቱም በልጧል ማለት ነው፣ ፕራይመሩ (ቀለሁ ቂጥ ላይ ያለችው ባሩዱን የምታቀጣጥለው) ደህና ቢመስልህም። ፕራይመሩንም መጽሐፉ ያለውን ዓይነት አድርግ፤ አብዛኛውን ጊዜ የማግነም ነው።

ቀለሁን ደጋግመህ ስትሞላ ከቂጡ ከፍ ብላ ያለችውን ቀለበት ተከታተል። ከእሷ በላይ የምታበራ መስመር ካየህ ሊበጠስ ነው፤ ጣለው። የሽቦ ጫፍ ቆልምመህ ውስጡን ብትዳብስ፣ እዚያ ጋ ሳስቶ ጉድጓድ ካበጀ ይታወቅሃል።

ስትገዛም አንድ ጣሳ አይበቃህም። 1 ፓውንድ 7,000 ግሬን ነው፤ አንዱ ጥይት 72 ቢፈጅ 97 ብቻ ይወጣልሃል። ሙከራው ራሱ ግማሹን ይበላዋል። ሁለት ጣሳ ግዛ፣ ከሥር የታተመው የምርት ቁጥር አንድ መሆኑን አይተህ።