ወደ ውጭ ከመሄዳችን በፊት ቤቱንና ዕቃውን ምን እናድርገው? (ጥያቄና መልስ)

የቤት ኪራይና የሽያጭ ውል፣ ውክልናም ስጽፍ ብዙ ዓመት ኖሬያለሁ። ሰው የሚመጣው ቪዛው ከተመታ፣ ትኬቱም ከተቆረጠ በኋላ ነው። ያኔ ሁሉም ነገር የጥድፊያ ይሆናል። ብዙዎች ቤቱን በሁለት ሳምንት ሸጠው፣ ሶፋውን ዘመድ ቤት አስቀምጠው ይሄዳሉ። እኔ የምለው ተቃራኒውን ነው፤ ዕቃውን ቶሎ አሰናብቱ፣ ቤቱ ላይ ግን አትቸኩሉ። ጥያቄዎቻችሁን እንደመጡ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ከባለቤቴ ጋር ወደ ካናዳ ልንሄድ ነው። ሰሚት ባለሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም አለን። እዚያ ስንደርስ ገንዘብ ስለሚያስፈልገን ብንሸጠው አይሻልም?

ገንዘቡ የሚያስፈልጋችሁ በዶላር ነው፤ ቤቱ የሚሸጠው ደግሞ በብር ነው። የቤት ሽያጭ ብር ይዛችሁ ባንክ ሄዳችሁ «ሙሉውን ዶላር አድርጉልኝ» ብትሉ የሚያስተናግዳችሁ የለም። በጥቁር ገበያ የሚል ሰው አይጠፋም። እሱ ወንጀል ነው፤ በዚያ ላይ ብሩን ተቀብሎ ስልኩን የሚያጠፋ አለ።

ስለዚህ ብሩ እዚሁ ባንክ ይቀመጣል፤ ሲቀመጥ ደግሞ ይሟሟል። ሐምሌ 2016 ላይ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ በፊት ቤቱን ሸጦ ብሩን ባንክ ትቶ የሄደ ሰው ሲደውል የሚያወራኝ ይህንኑ ነው።

ቢያንስ የመጀመሪያውን ክረምት እዚያ አሳልፉ። ሥራው ምን እንደሚመስል፣ ልጆቹ እንዴት እንደለመዱ እዩ። ከዚያ በኋላ መሸጥ ይቻላል። አሁኑኑ ሽጡ የምለው ሁለት ዓይነት ሰው ነው፦ አንዱ የሚያምነው ወኪል የሌለው፣ ሌላው የባንክ ብድሩን ወርሃዊ ክፍያ ኪራዩ የማይሸፍንለት። ደግሞ ቤቱ በዕጣ የደረሳችሁ ከሆነ የአምስት ዓመቱ የመሸጥ ገደብ ማለፉን አረጋግጡ።

ጥያቄ፦ ለታናሽ ወንድሜ ውክልና ልሰጠው ነው። ደላላው «ሁሉንም የሚያሠራ ጠቅላላ ውክልና ስጠው፣ ኋላ አትቸገርም» አለኝ። ልስማው?

አትስማው። ጠቅላላ ውክልና ሲባል ሰው ሁሉን የሚያደርግ ይመስለዋል። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ግን በጠቅላላ ቃል የተሰጠ ውክልና የአስተዳደር ሥራ ብቻ ነው የሚያሠራው። ቁጥር 2204ን ካየህ ቤት ማከራየት ከሦስት ዓመት እስካልበለጠ ድረስ እዚያ ውስጥ ይገባል። መሸጥ፣ በመያዣ ማስያዝ፣ በስጦታ መስጠት፣ ፍርድ ቤት መክሰስና መከራከር ደግሞ በቁጥር 2205 ልዩ ውክልና፣ ማለትም ሥራው ተለይቶ የተጻፈበት ውክልና፣ ይጠይቃሉ።

አደጋው ያለው ወረቀቱ ላይ ነው። ጸሐፊዎች ዘንድ የተዘጋጀ ፎርም አለ። «ለመሸጥ፣ ለመለወጥ፣ በስጦታ ለማስተላለፍ፣ በዋስትና ለማስያዝ» የሚለው በአንድ ትንፋሽ ይገባበታል። ባለጉዳዩ ሰልፉ ሰልችቶታል፤ ሳያነብ ይፈርማል። አንተ ቁጭ ብለህ አንብበው፣ የማትፈልገውን አሰርዘው።

ወንድምህ የሚያስፈልገው ማከራየት፣ ኪራዩን መከታተል፣ ግብር መክፈል፣ የመብራትና የውሃ ጉዳይ ማስፈጸም ነው። አንድ ቃል ግን እንዳይቀር፦ «መክሰስና መከራከር»። እሱ ካልተጻፈ ተከራዩ አልወጣም ያለ ቀን ወንድምህ ችሎት ፊት መቆም አይችልም። ቤቱን ለመሸጥ ከወሰንክ ያኔ ካለህበት አገር በኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ በኩል ልዩ ውክልና ትልካለህ። እዚህ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ያረጋግጠዋል። ያንገላታል፤ ግን መንገላታቱ ለአንተ ይጠቅማል።

ባለትዳር ከሆንክ ባለቤትህም ትፈርም። የጋራ የሆነን ቤት መሸጥ ብቻ ሳይሆን ማከራየትም የሁለታችሁን ስምምነት ይፈልጋል፤ የቤተሰብ ሕጉ እንዲህ ይላል።

ጥያቄ፦ ካልተመቸኝ ስለምመለስ ቤቴን ለስድስት ወር ብቻ ማከራየት እችላለሁ?

በአዋጅ 1320/2016 መሠረት የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል ትንሹ ዘመን ሁለት ዓመት ነው። ውሉ በጽሑፍ ይሆናል፣ በ30 ቀን ውስጥ ይመዘገባል። ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ በላይ መጠየቅ አይቻልም፤ ኪራዩም የሚከፈለው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው። ይሄ የመጨረሻው ለእናንተ ለምትሄዱት ሰዎች ትልቅ እፎይታ ነው። ኪራዩ በቀጥታ በስምሽ ባለው ሒሳብ ይግባ እንጂ በማንም እጅ አይለፍ።

እና የመመለስ ሐሳብሽ የእውነት ከሆነ አታከራዪው። ዘመድ ይኑርበት።

ጥያቄ፦ እኔም ያሰብኩት እሱን ነው። የአክስቴ ልጅ ከነሚስቱ በነፃ ይኑርበት ብዬ ነበር። ችግር አለው?

አሁን የለውም፤ ችግሩ የሚመጣው ሦስት ዓመት ቆይቶ ነው። ልጅ ይወልዳሉ፣ ግድግዳ ቀለም ይቀባሉ፣ ማድ ቤት ያሠራሉ። አንተ ልትሸጠው ስትል «ይህን ያህል ገንዘብ አውጥተንበት!» ይመጣል። ቤተሰብ በሁለት ተከፍሎ ሽማግሌ ይቀመጣል። እንዲህ ያለ ጉዳይ ብዙ አይቻለሁ።

ይሉኝታህን ለአንድ ቀን ተወውና አንድ ገጽ ወረቀት ተፈራረሙ። በነፃ እንደሚኖሩ፣ መብራትና ውሃውን እንደሚከፍሉ፣ ያለ ፈቃድህ ግንባታ እንደማይሠሩ፣ ስትጠይቃቸው በሦስት ወር ውስጥ እንደሚለቁ። ሁለት ምስክር ይፈርም። የሚቀየም ዘመድ ካለ አሁን ይቀየም፤ ገና ሳይገባ።

ጥያቄ፦ ዕቃውን እንዴት እንሽጠው? ሶፋ፣ ብፌ፣ ቁም ሳጥን፣ ፍሪጅ፣ ልብስ ማጠቢያ አለን። ቴሌግራም ላይ ለጥፈን «ወደ ውጭ ልንሄድ ስለሆነ» ብለን ጽፈናል።

እሷን ዓረፍተ ነገር ዛሬውኑ አጥፏት። ገዢው የምትሄዱበትን ቀን ካወቀ እስከ መጨረሻዋ ቀን ይጠብቃችኋል። ያኔ ብፌውን በፈለገው ዋጋ ይጭነዋል፤ እናንተም «እሺ ውሰደው» ትላላችሁ።

ትልልቁን ዕቃ ቢያንስ ከወር በፊት ለሽያጭ አውጡ። ፍሪጅና ልብስ ማጠቢያ ቶሎ ይሄዳሉ። ቁም ሳጥንና ብፌ ይቆያሉ። ገዢው ዋጋው ላይ ተስማምቶ ሲያበቃ አራተኛ ፎቅ መሆኑን ሲያይ የሚያወርዱለትን ሰዎች ክፍያ ማስላት ይጀምራል። ስለዚህ ፎቁንም ዋጋው ውስጥ አስቡት፣ የሚፈታ ነገር ካለው ቀድማችሁ አስፈቱት። ፍሪጁን ገዢ ሊያየው ሲመጣ ተሰክቶ፣ በረዶ ይዞ ይጠብቀው። የተነቀለ ፍሪጅ «ይሠራል» ቢባል ማንም አያምንም።

ምርጡ ገዢ ጎጆ ሊወጡ ያሉ ሙሽሮች ናቸው። ድስቱንም መጋረጃውንም አንድ ላይ ይወስዱላችኋል። በሰፈር፣ በዕድራችሁ፣ በቤተ ክርስቲያን ወይም በመስጊድ አካባቢ ጠይቁ። ፍራሽና አንድ ምድጃ እስከ መጨረሻው ሳምንት አስቀሩ፤ ከልጆች ጋር መሬት ላይ መተኛት ቀልድ አይደለም። የተረፈውን ልብስና ብርድ ልብስ ለመቄዶንያ የአረጋውያን መርጃ ስጡ። ለቆራሌው የሚቀረው ባዶ ጠርሙስና የተሰበረ ወንበር ይሁን።

ዘመድ ቤት ማስቀመጥ? ሶፋው ዝናብ የሚያስገባ ሰርቪስ ቤት ውስጥ ይከርማል፣ አይጥ ይገባበታል፣ ስትመለሱ ማንም አይፈልገውም። ስጡት ወይ ሽጡት።

ጥያቄ፦ የኤሌክትሪክ ምጣዴን ወደ አሜሪካ ይዤው ልሂድ?

ተይው እህቴ። የእኛ 220 ቮልት ነው፣ የእነሱ የግድግዳ ሶኬት 120። ምጣድ ደግሞ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል፤ ለዚያ የሚሆን ትራንስፎርመር ተሸክመሽ አትዘልቂውም። እዚያ ያሉ ሐበሾች በ120 የሚሠራ ክብ ምጣድ እየገዙ ይጋግራሉ። በኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ አሜሪካ በኢኮኖሚ የሚፈቀድልሽ 23 ኪሎ የሆኑ ሁለት ሻንጣዎች ናቸው። ለበርበሬና ለሽሮ አውዪው። ጀበናዋን በልብስ ጠቅልለሽ በእጅ ሻንጣ ያዣት። ቋንጣ ግን አትያዢ፤ ሥጋ ነክ ነገር ጉምሩኩ ላይ ይወስዱብሻል።

ጥያቄ፦ የምኖረው በቀበሌ ቤት ነው። ለጓደኛዬ ላከራየው?

አይቻልም። ቤቱ የመንግሥት ነው፤ ለሦስተኛ ወገን ካከራየኸው ውልህ ይቋረጣል። አብሮህ የሚኖር ቤተሰብ ካለ ሳትሄድ ወረዳው ቤቶች ጽሕፈት ቤት ሄደህ ጠይቅ።

ጥያቄ፦ የቤቱን ካርታ (የይዞታ ማረጋገጫውን) ለማን ልተው?

ኦርጅናሉን ለወኪልህ አትስጥ። ለማከራየት ኮፒው ይበቃዋል። ኦርጅናሉ ከወኪሉ ሌላ በሆነ ሰው ዘንድ፣ ለምሳሌ እናትህ ጋ፣ ይቀመጥ። ስካን አድርገህ ኢሜልህ ላይም አኑረው። የዓመቱን የቤት ግብር ደረሰኝም አብረህ ስካን አድርግ፤ ሽያጭ የመጣ ዕለት መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው። ከባንክህ የማረጋገጫ ኮድ የሚመጣበትን ሲም ካርድ ደግሞ ለማንም አታውስ፤ ውጭ ሆነህ እንዴት እንደምትጠቀምበት ሳትሄድ ባንኩን ጠይቅ።