አዲሱን ፕሮሰሰር ልጠብቅ ወይስ ያለውን ልግዛ ላልከው ወንድሜ

ሰላም ወንድሜ። «የሚቀጥለው ትውልድ ፕሮሰሰር ዋጋ ሾልኮ ወጥቷል፣ ከአሁኑ ብዙም አይጨምርም እየተባለ ነው። ባሕር ዳር ሆኜ የሰርግ ቪዲዮ ኤዲት እሠራለሁ። ልጠብቅ ወይስ ያለውን ልግዛ?» ብለህ ጠይቀሃል። እኔም እዚሁ ጊዮርጊስ አካባቢ ያንተኑ ሥራ ስሠራ ዓመታት ሆኖኛል። አንድ ጊዜ ወሬ አምኜ ጠብቄ ተጎድቻለሁና ረዘም አድርጌ ልመልስልህ።

ጊዜው 2011 ነው። የኤኤምዲ ኩባንያ ራይዘን 3000 ፕሮሰሰሮች ዝርዝር ከነዋጋው አፈተለከ ተባለ። 3700 ኤክስ የሚባለው 12 ኮር (ሥራውን የሚካፈሉ የፕሮሰሰሩ ክፍሎች) ይዞ በ329 ዶላር ይመጣል ተባለ። በጣም ጓጓሁ። የነበረችኝ ባለ 4 ኮር ማሽን ደክማ ነበር። የጥር ሰርግ ገባ፤ «ትንሽ ልታገሥ» አልኩ። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ኤክስፖርት (ያለቀውን ቪዲዮ ወደ ፋይል ማውጣት) አስጀምሬ እተኛለሁ። ሌሊት ተነስቼ ሳያት 87 ፐርሰንት ደርሳለች። ከዚያ መብራት ይሄዳል። ጠዋት እንደገና ከዜሮ። ፋሲካ አልፎ የሚያዝያና የግንቦት ሰርግ መጣ፤ አሁንም ታገሥኩ። ሁለት ሙሽሮች አልደርስ ስላልኳቸው ሥራቸውን ወስደው ለሌላ ሰጡ። አልፈርድባቸውም።

ሰኔ 30 ፕሮሰሰሩ በይፋ ወጣ። ዋጋው እንደተወራው 329 ዶላር ሆነ። ኮሩ ግን 8 ነበር። ግሩም ፕሮሰሰር ነው፣ ምንም አይወጣለትም። እኔ ግን 12 ኮር ብዬ ሁለት የሰርግ ወቅት አቃጥያለሁ።

ወሬው ልክ ቢሆንስ? ልክ ቢሆንም በዶላር ነው የሚወራው። አንተ የምትከፍለው በብር ነው። ይህን አንድ ቀን ቁጭ ብለህ አስላው። ራይዘን 5 7600 ኤክስ ገበያ የዋለው መስከረም 17 ቀን 2015፣ በመስቀል ዕለት ነው። ዋጋው 299 ዶላር ነበር። ያኔ የባንክ ምንዛሪ 52 ብር ገደማ ስለነበር ወደ 15,500 ብር ይመጣል። ተተኪው 9600 ኤክስ ነሐሴ 2 ቀን 2016 ሲወጣ 20 ዶላር ቀንሶ 279 ሆነ። ከዚያ አሥር ቀን ቀደም ብሎ፣ ሐምሌ 22፣ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ተደርጎ ነበር። 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በዚያው ነሐሴ ከ100 አለፈ። 279 ዶላሩ 28 ሺህ ብር ገደማ ገባ ማለት ነው። እዚያ ረከሰ የተባለው ዕቃ እኛ ጋ እጥፍ ሊሞላ ትንሽ ቀረው። ይህ እንግዲህ ቀረጡ፣ ትራንስፖርቱና የነጋዴው ትርፍ ሳይታሰብ ነው።

ደግሞ የሚወራው የፕሮሰሰሩ ዋጋ ብቻ ነው። 9600 ኤክስ ካርቶኑ ውስጥ ፋን የለውም፤ ለብቻው ትገዛለህ። የመጋቢትና የሚያዝያን ሙቀት ታውቀዋለህ፣ ደካማ ፋን አያዋጣም። ከሁሉም የሚከብደው ራም ነው። የኤኤምዲ አዲሱ ሶኬት (ፕሮሰሰሩ ማዘርቦርዱ ላይ የሚሰካበት ቦታ) ኤኤም 5፣ ዲዲአር 5 የሚባለውን ራም ብቻ ነው የሚቀበለው። ከ2018 መጀመሪያ ወራት ወዲህ ደግሞ የራም ዋጋ በዓለም ዙሪያ ሰማይ ነክቷል። አምራቾቹ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ዳታ ማዕከላት ቅድሚያ ስለሰጡ ለእኛ ዓይነቱ የሚተርፈው አነሰ። በፕሮሰሰሩ የምታተርፋትን 20 እና 30 ዶላር ራሙ መልሶ ይበላታል።

ስለዚህ እኔ ባንተ ቦታ ብሆን እንዲህ አደርጋለሁ። ለጥር የተያዘ ሥራ ካለህ አትጠብቅ። ኤኤም 5 ማዘርቦርድ ግዛ፣ ላዩ ላይ ኤክስ የሌለውን 7600 አድርግበት። እሱ በካርቶን ሲመጣ ፋኑ አብሮት አለ። ኤኤምዲ ይህን ሶኬት በፈረንጆቹ እስከ 2027 እና ከዚያም በኋላ እንደሚደግፍ ተናግሯል። አዲሱ ሲመጣና ዋጋው ሲረጋጋ ባዮሱን (የማዘርቦርዱን መነሻ ሶፍትዌር) አዘምነህ ፕሮሰሰሩን ብቻ ትቀይራለህ። ማዘርቦርዱና ራሙ ባሉበት ይቆያሉ። የተያዘ ሥራ ከሌለህ ግን መጠበቁ ጉዳት የለውም። አዲስ ሲወጣ የቀድሞው ዋጋ ብዙ ጊዜ ይወርዳልና እሱን ታድናለህ።

አንድ ነገር አደራ። ያገለገለ ኢንቴል 13ኛ ወይም 14ኛ ትውልድ ኮር አይ 7 ወይም አይ 9 በርካሽ ካመጡልህ ቸኩለህ አትክፈል። እነዚያ ከሚገባው በላይ ቮልቴጅ እየወሰዱ የሚበላሹበት ችግር ነበረባቸው። ኢንቴል በነሐሴ 2016 ማስተካከያ አውጥቷል፤ ቀድሞ የተጎዳውን ግን አያድነውም። እዚያው ሱቁ ውስጥ ከባድ ቪዲዮ ኤክስፖርት አስደርገህ ግማሽ ሰዓት አብረኸው ተቀመጥ።

ዩፒኤስም (መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ጊዜ የሚያቆየው ባትሪ) ከበጀትህ አይውጣ። 87 ፐርሰንት ላይ መብራት ሲሄድ የሚሰማህን ስሜት ለማንም አልመኝም።

ያለህን ብርና የምትጠቀምበትን ሶፍትዌር እዚህ ጻፍልኝ፣ ዕቃ በዕቃ አብረን እናስላው።