ድዴ ይደማል፤ መፋቄን ልተው?

ጥያቄ፦ በወይራ መፋቂያ ስፍቅ ድዴ ይደማል። ልተወው? (አንባቢ፣ ከደሴ)

መልስ፦ እባክዎ አይተዉት። ድድ አብዛኛውን ጊዜ የሚደማው በጥርሱ ሥር የተጋገረው ቆሻሻ ሲያስቆጣው ነው፤ መፋቅ ካቆሙ ይብሳል። አያያዝዎን ግን ይዩት። ደረቅ እንጨት እንደ መጋዝ ወደ ጎን ሲመላለስ ድዱን ይልጠዋል። ጫፉን አኝከው እንደ ብሩሽ ያለስልሱት፤ ከድድ ወደ ጥርሱ ጫፍ ይፋቁ፤ ያረጀውን ጫፍ በየቀኑ ይቁረጡት። የጥርስን የውስጥ ገጽ መፋቂያ እምብዛም አያገኘውምና ማታ ማታ ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና ለ2 ደቂቃ ይቦርሹ። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ በጥብጠው መጉመጥመጥም ያስታግሳል። መድማቱ በ2 ሳምንት ካልቆመ ጥርስዎን በጥርስ ሐኪም ያሳጥቡ፤ የደነደነውን ቆሻሻ መፋቂያም ብሩሽም አያነሳውም። የስኳር ሕመም ካለብዎ 2 ሳምንት አይጠብቁ።